ኡና፣ ኦና

አዘዞ ሜዳ ዳር፣ በቆርቆሮው ዳስ ጥላ
እኔ ነበርኩ ሚዛን ያዥ። ሻንጣና አኩፋዳ፣ ሰው ከነጃንጥላ፣
ሹም ይሁን በግ፣ ከአንድ ብረት ላይ እያቆምኩ፤
ስንት ኪሎ ነው? ከዚያ ሌላ አልጠየቅኩ።

ጥር ሊወጣ ነው። ከብቱ ከሜዳው ሳይባረር
አንዲት ቢጫ አውሮፕላን፣ ባለ አንድ ሞተር፣
እንደ ፌንጣ ዘላ ዘላ አቧራው ውስጥ ቆመች፤
ረጅም ሴት፣ መነጽሯን ግንባሯ ላይ ሰቅላ፣ ወረደች።
«ስም?» አልኩ፣ እርሳሴን በምራቄ አርሼ።
«ኡና።»
ደንግጬ ቀና አልኩ። ጠየቅኳት መልሼ።
«ኡና» አለች ደግማ።
የምን እናት ናት ልጇን ኦና ብላ የምትጠራ?
ኦና በእኛ አገር ባለቤቱ ያለቀ ቤት ነው፤
አጥሩን ጎረቤት የማገደው፣ ጉልላቱ ላይ ቁራ።
የሰማሁትን ጻፍኩ። መንግሥት የሚከፍለኝ ለኪሎ እንጂ ለስም አይደለ።
«የባላባት ልጅ ናት» አለኝ መካኒኳ ይርሳው፣ ጠጋ እያለ፣
«እንደ ፋሲል ያለ ግንብ ነበራቸው፣ አየርላንድ፣ በአባቷ ርስት።»
አየኋት። ከጫማዋ እስከ ክርኗ ዘይት።
«ታዲያ ማዕረጓን ልጨምር፣ ወይስ ባዶዋን ልመዝናት?»
ተረጎመላት። ሳቀች፤ ወጣች።
ሚዛኑ ሃምሳ ስምንት አላት።

ክረምት ላይ ነው የነገረችን፣ ደመና ዳሱ ውስጥ አጉሮን፣
ዝናቡ ቆርቆሮውን ሲቀጠቅጥ፣ መጮህ ግድ ሆኖብን።
ግንቡን ያቃጠሉት የአገሯ ጎረምሶች ናቸው፤ የአሥራ አንድ ዓመት ልጅ ነበረች፤
በሌሊት ልብሷ ሣሩ ላይ ቆማ አየች።
«ጭሰኞቻችን ናቸው። እውነት ነበራቸው፤ በየዓመቱ ለእኛ ይሰፍሩ ነበር።
ብቻ ፍንጣሪው ሽቅብ ሲሄድ አየሁ።
ከዚያ ወዲህ አንገቴ አልተመለሰም ወደ ምድር።»
የእናቷን የብር ማንኪያ ሸጣ መብረር ተማረች።
ስንት ማንኪያ? ይርሳው ሁለቴ ጠየቃት፤
ሁለቴም የተለያየ ቁጥር ነገረች።

አንድ እሑድ ፋሲል ግንብ ወሰድናት። ሰው ሁሉ ግድግዳ ሲያይ
እሷ ጣሪያው በሌለበት ክፍል መሀል አንጋጠጠች ወደ ሰማይ።
«የእኛም እንዲህ ነው አሁን፤ ሰማይ ገብቶ ይኖርበታል።»
ዘበኛው ይህን ሲሰማ፣ «ኪራይስ ይከፍላል?»

ሥራዋ ለመተማ የወባ መድኃኒት፣ ለሁመራ ክትባት፣
ከደባርቅ ምጥ የጠናባትን ሴት ከስልቻ መሀል አስተኝቶ ማምጣት።
አርባ አራቱን ታቦት ከላይ ልትቆጥር ስትሞክር
አንዴ ሠላሳ ዘጠኝ፣ አንዴ ሃምሳ፤ «የሚንቀሳቀስ አለ» ትል ነበር።

የሞተር ዕቃ ጉምሩክ ይዞባት ሦስት ሳምንት ደጅ ጠናች፤
በአራተኛው፣ አንድ ቀን ብቻ፣ ባላባት ሆነች።
ሉል አንገቷ ላይ አሰረች፤ ተቀመጪ ሳትባል ተቀመጠች፤
የአባቷን ስም ከነጅራቱ፣ ሳትተነፍስ ደረደረች።
ጸሐፊው ተነሥቶ ቆመ። ዕቃው ከሰዓት ወጣ።
ሉሉን ፈታ ከብሎን ጋር ኪሷ ከተተችው፤
«ሁለተኛ አላደርገውም» አለች በቁጣ።

ዘጠኝ ዓመት በረረች። ከዚያ አንድ ዓይኗ ፈዘዘ፤
ሐኪሙ በደግ ቃል፣ በአንድ ማኅተም፣ ፈቃዷን ያዘ።
ቢጫዋን ለጥጥ እርሻ ሸጠች፣ ለመድኃኒት ርጭት፤
ውሉ ሲፈረም ክንፏን ዳበሰች፣ እንደ በቅሎ አንገት።
ልትሄድ ስትል፣ በሌላ ሰው አውሮፕላን፣ እንደ ማንኛውም መንገደኛ፣
ሚዛኔ ላይ ወጣች።
ሃምሳ አንድ።
«ሰባቱን ኪሎ የት ጣልሽው?» አልኩ።
በአገጯ ወደ ላይ አሳየችኝ።

ከዚያ የድሮውን መዝገብ ገለጠች። ፊደል ተምራለች፣ ከይርሳው ልጅ ደብተር፤
በጣቷ እየተከተለች ደረሰች፣ ከዚያ የጥር መስመር።
«ኦ» ነው የሚለው። አፈርኩ። ላጲስ ፍለጋ ኪሴን ዳበስኩ።
እጄን ያዘች።
«ተወው» አለች፣ «ልክ ጽፈሃል።»
እኔም አልደለዝኩ።